የቤት ቁጥር መቶ አሥራ ስምንት

በመሥሪያ ቤቱ እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት የሰው ኃይል ክፍሉና የመታወቂያ ካርዷ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላው ሁሉ «ጎተራ» ይላታል፤ የሚያከብሯት ደግሞ «እትዬ ጎተራ»። ስሙን ያወጣላት አሁን ጡረታ የወጣ አንድ ሾፌር ነበር። «ሲገባ ሁሉም ያያል፤ እሷ ካልፈቀደች ግን አንዲት ፍሬ አትወጣም» አለ፣ ስሙም እዚያው ተለጥፎባት ቀረ። አልተቀየመችም። እንዲያውም በሆዷ ደስ ሳይላት አልቀረም።

ሥራዋ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ የጥናት ተቋም ነው። በከተማው ዳር ያለ አንድ ሰፈር ተመርጦ ስድስት መቶ አርባ ቤት በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ማን ታመመ፣ ማን ተወለደ፣ ውሃ ከየት ይቀዳል፣ ስንት ሰው በአንድ ክፍል ያድራል። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ጠያቂዎቹ ይመጣሉ ይሄዳሉ፣ ፕሮፌሰሮቹም ይቀያየራሉ፤ መልሱ ግን ድሮ በወረቀት፣ ኋላም በታብሌት እየመጣ የሚገባው እሷ ክፍል ነው። ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ናት። መስኮት አላት፤ ግን ከፍተው እጅ ቢዘረጉ የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ይነካሉ። በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፣ ከኋላው የብረት ቁም ሣጥን ቆሟል። ወፈር ያለ እንግዳ ከመጣ በጎኑ ይገባል።

በዚያች ክፍል ውስጥ ማንንም አትምርም። ባለፈው ዓመት ሦስት ልጅ ነበራት የተባለች እናት ዘንድሮ አራት ሆኖ ቢመጣና አራተኛው የስድስት ዓመት ልጅ ቢሆን፣ ጠያቂውን ትጠራና «ልጅ ስድስት ዓመት ሞልቶት አይወለድም፤ ተመልሰህ ጠይቅ» ትለዋለች። የእህት ልጅ መጥቶ እየኖረ ሊሆን ይችላል ብሎ ቢገምትላት አትቀበልም። ያልታወቀ ነገር ያልታወቀ ይባላል እንጂ አይገመትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከራሷ ያስገባችው አንድም መልስ የለም፤ ይህን እንደ ሌላው ሰው ልጅ አሳድጌ ዳርኩ እንደሚለው ነበር የምትናገረው።

ልጅ ማሳደጉም አልቀረላትም። እናታቸው ስትሞት እሷ ሃያ ዓመቷ፣ ታናሽ ወንድሟ ስድስት ዓመቱ ነበር። አሳደገችው፣ ፀጉር ማስተካከል አስተማረችው፣ ዳረችው። ራሷ ሳታገባ ሃምሳ ሁለት ሞላት። ወንድሟ የሚኖረው ያው የሚጠናው ሰፈር ውስጥ ነው፤ እሑድ እሑድ ምሳዋን የምትበላው እዚያ ነው።

ነገሩ የጀመረው በደስታ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፕሮፌሰሮቹ ከእሷ ጎተራ እየዘገኑ አርባ ምናምን የጥናት ጽሑፍ አሳትመዋል፤ የእሷ ስም የሚገኘው ቢበዛ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከሾፌሮቹና ከጥበቃዎቹ ጋር ምስጋና በሚቀርብበት መስመር ነው። ከዚያ አዲስ ደንብ መጣ። ጥናት የሚያሳትም ሁሉ ዳታውንም በድረ ገጽ ለዓለም ክፍት ያድርግ ተባለ። የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ ፋይል ለዘላለም የማይሰረዝ መለያ ይሰጠዋል፤ ከመለያው ጎን ደግሞ የአዘጋጆቹ ስም ይጻፋል። ፕሮፌሰሩ ጠራትና «ከእኔ ቀጥሎ የአንቺ ስም ይገባል» አላት። አመስግና ወጣች፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችና ብቻዋን ሳቀች።

ከዚያ ሦስት ወር ለፋች። ከባሕር ማዶ የመጣ አሥራ ስድስት ነጥብ ያለው መመሪያ ነበር፤ የሰው ማንነት እንዳይታወቅ ምን ምን እንደሚሰረዝ ይናገራል። ጠያቂዎቹ በቃል የጻፉትን ማስታወሻ ሁሉ ሰረዘች። ስም ሰረዘች። ስልክ ሰረዘች። የልደት ቀን ቆርጣ ዓመቱን ብቻ አስቀረች። ሰባተኛው ነጥብ «አድራሻ ይሰረዝ» ይላል። የአድራሻውን ዓምድ ከፈተች፤ ባዶ ነው። ያ ሰፈር ለመንገዱም ስም፣ ለበሩም የመንግሥት ቁጥር ኖሮት አያውቅም። ባዶ ዓምድ ለመሰረዝ ምን ያስቸግራል፤ ሰርዛ ምልክት አደረገች።

የቤት ቁጥሩን ግን ተወችው። ቁጥሩ ጥናቱ ራሱ የሰጠው ነው፣ ከአንድ እስከ ስድስት መቶ አርባ። ዓመትን ከዓመት የሚያያይዘው ክር እሱ ነው፤ እሱ ከወጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልፋት አሥራ ዘጠኝ የማይተዋወቅ ክምር ይሆናል። መመሪያውም ስለ እሱ ምንም አላለም።

መመሪያውን የጻፉት ሰዎች የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ጠያቂዎቹ እንዳይሳሳቱ እነዚያን ቁጥሮች በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም ጽፈዋቸዋል። ሰፈርተኛውም አድራሻ ናፍቆት ስለነበር ወደዳቸው። በሩን ቀለም የሚያስቀባ ቁጥሩንም ያስቀባል። ዕቃ የሚያደርሰው፣ ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው፣ አዋላጇ፣ ሁሉም በቁጥር ነው የሚሄደው። «የሰባ ሁለቷ ልጅ ታጨች» ይባላል፤ «ሁለት መቶ አምስቶች ግንብ ጀመሩ» ይባላል። ጎተራ ይህን አታውቅም ነበር ማለት አይቻልም። የወንድሟ በር ላይ መቶ አሥራ ስምንት ተብሎ ተጽፏል፤ እሑድ እሑድ ከሥሩ ታልፋለች። ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥርና በሩ ላይ ያለው ቁጥር ግን በጭንቅላቷ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም ነበር።

የተገናኙት ፋይሉ ከተጫነ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እሑድ ምሳ ላይ ሳሉ አንድ የጋዝ አከፋፋይ በአጥሩ ላይ «መቶ አሥራ ስምንት! መቶ አሥራ ስምንት አላችሁ?» ብሎ ተጣራ። ማንኪያዋ ከአፏ ሳይደርስ ቀረ። ወንድሟ «ምነው፣ አጥንት ገባበት እንዴ?» አላት። አዎ አለች፤ ሾርባው ግን የድንች ነበር።

ያስደነገጣት የስድስት መቶ አርባው ቤት ነገር ብቻ አልነበረም፤ እሱስ ቢሆን ይበቃ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ስለ ወሊድ የሚጠይቅ አዲስ ክፍል ተጨምሮ ነበር። ጥያቄ ሁለት መቶ አሥራ አራት፤ እርግዝና መከላከያ ይጠቀማሉ? ጥያቄ ሁለት መቶ አሥራ አምስት፤ ባለቤትዎ ያውቃሉ? አንድ ማለት አዎ ነው፣ ሁለት ማለት አይ። ከመቶ አሥራ ስምንት ቁጥር የመጣው መልስ አንድና ሁለት ነበር፤ የወንድሟ ሚስት መልስ መሆኑን ጎተራ ያወቀችው ከቁጥሩ ሳይሆን ያኔ ከጎኑ ከነበረው ስም ነው። ጠያቂዋም ከጎኑ ምክንያቱን ጽፋለች፤ ሴትየዋ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደም ፈሷት ሁለት ቀን ራሷን ስታ ነበር፣ ሐኪሙ ሁለተኛው ሊገድልሽ ይችላል ብሏታል፣ ባሏ ሐኪም ይሳሳታል ይላል። «ብሞት ልጄን ማን ያሳድጋታል» ብላለች። ጎተራ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትመረምር ያሳለፈችው ረድፍ እሱ ነው።

ወንድሟ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ልጅ ሲጠብቅ ኖረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሚስቱን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገራትም። ጥፋቱን ወደ ራሱ አዞረው። የማይጠጣ መራራ ጠጣ፣ የማይነገር ምርመራ ተመረመረ፤ ምንም የለብህም ሲሉት እኔን ላለማሳዘን ነው አለ። አንድ ቀን እጁን እየታጠበ «እታለም፣ ዘር የሚባለው እኔ ላይ ሲደርስ ሳያልቅ አልቀረም» አላትና እንባው እንዳይታይ ፊቱን በውሃ ታጠበ። ያሳደገችው ልጅ ነው። ፎጣውን አቀበለችው። በየዓመቱ ጥር ላይ «ያየሁትን ከዚህ ክፍል ውጭ አልናገርም» ብላ ትፈርማለች፤ ሌሎቹንም ቆማ የምታስፈርመው እሷ ናት። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው፣ ሆዷም ስምንት ዓመት ፈጀው።

አሁን ረድፉ ኢንተርኔት ላይ ነው። ለጊዜው የሚያድነው አንድ ነገር ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ ጥያቄዎቹ በቁጥር እንጂ በቃል አልተጻፉም። ምን ማለት እንደሆኑ የሚናገረው የኮድ መፍቻ የሚባለው ሦስት መቶ ገጽ ሰነድ ነው፤ እሱንም ያዘጋጀችው እሷው ናት። ከጥናት ጽሑፉ ጋር በአንድ ቀን፣ ከዚያ እሑድ በአሥራ አንደኛው ቀን ሐሙስ እንዲወጣ ቀንና ሰዓት ሞልታ አስገብታዋለች። እንዲህ ያለው ነገር ከተሞላ በኋላ ማንም ሳይነካው በራሱ ሰዓት ጠብቆ ይወጣል። ያን ዕለት ይህ በጣም ጎበዝ ዘዴ መስሏት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች።

«ፕሮፌሰር፣ ፋይሉ መውረድ አለበት። የቤት ቁጥሩ እዚያ ሰፈር አድራሻ ነው፤ ማን ምን እንዳለ ይታወቃል።»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «ቁጥር ነው እኮ፣ እትዬ። አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ ጠያቂዎቹን ‹ቁጥር ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ ማንም አያውቅዎትም በሏቸው› እያልሽ የምታሠለጥኚው?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ቁጥሩን አውጥተሽ አዲስ ቅጂ አስገቢዋ።»

«ይቻላል። አሮጌው ግን ከጎኑ ይቀመጣል፤ የፈለገ ይከፍተዋል። ጨርሶ የሚዘጋው እርስዎ ምክንያት ጽፈው ከፈረሙ ነው። የሐሙሱንም ማስቆም የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እኔን አያስገባኝም።»

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እሱም ቢሆን የታሰረ ሰው ነው። «ዳታው ከወረደ ጽሑፉ ይቆማል። የስድስት ሰው ኮንትራት በዚያ ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱ ከአንቺ ክፍል ናቸው። ‹ምናልባት አንድ ሰው› ብዬ ልጻፍ? አንድ ቤት ጥሪልኝ። ይኼ ቤት፣ በዚህ ጥያቄ፣ ይጎዳል በይኝ፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

አፏን ከፈተች። መቶ አሥራ ስምንት ካለች፣ ቀጣዩ ጥያቄ የማን ቤት ነው የሚል ነው፤ ከዚያም ጥያቄው ምን ይላል፣ መልሱስ። የወንድሟን ሚስት ከኢንተርኔት ለማዳን ራሷ ቀድማ ልታወጣት ነው። 

«ብዙ ናቸው» አለች።

«ብዙ ማለት ማንም የለም ማለት ነው» አለና መነጽሩን መለሰ።

ለድረ ገጹ ባለቤቶች ራሷ ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ማሽን ነው የመለሰው፣ ስለ ትብብሯ ያመሰግናል። ከገጹ ሥር ፋይሉ ስንት ጊዜ እንደተወሰደ የሚቆጥር ቁጥር አለ። ሰኞ አርባ ሦስት ነበር። ዓርብ ሁለት መቶ ስድስት ሆነ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይላሉ፤ እሷ ሳምንቱን ሙሉ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ትቆማለች፣ ትቀመጣለች፣ ግድግዳውን ታያለች፣ ቁጥሩን እንደገና ትከፍታለች። ለፎቶ ኮፒ የመጡት «ደህና ነሽ ወይ እትዬ ጎተራ» ሲሏት «ሙቀቱ ነው» ትላለች። ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገኘችው ብቸኛ ክብር፣ ስሟ፣ እዚያው ፋይል ላይ መጻፉም ያቃጥላት ነበር።

ሁለት መቶ ስድስቱ ከየት እንደመጡ እሑድ ታወቀ። ወንድሟ በሩን ራሱ ከፈተላት፤ እጁ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዟል።

«እታለም፣ ታዋቂ ሆንን! ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ። የሒሳብ መምህሩ፣ ያ ጢሙን በየሳምንቱ የሚያስተካክለው፣ ወንበሬ ላይ እንዳለ በስልኩ የሰፈሩን ሁሉ መልስ አወጣው። ሰው ፀጉሩን ትቶ ቁጥሩን መፈለግ ሆነ። የእኔን በእጄ ገለበጥኩት። ምን እንደሚል ግን አናውቅም፣ ቁጥር ብቻ ነው። አንቺ አለሽልኝ።»

ሚስቱ ድስቱን ይዛ ከወጥ ቤት ገባች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሳህን መደርደር ጀመረች። ልጅቷ ጎረቤት ነበረች።

ወረቀቱን ከፊቷ ዘረጋው። ጣቱን እያስኬደ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። ይኼ የክፍል ብዛት ነው፤ ሁለት። ይኼ ውሃ ነው፤ ከግቢ ቧንቧ። ይኼ የቤቱ ኃላፊ ሥራ ነው። «ፀጉር አስተካካይ! እኔ ነኝ እኮ!» እያለ እንደ ልጅ ይደሰታል። «ማን ነገራችሁ ይኼን ሁሉ?»

«ሚስትህ።»

«ጎበዝ። እኔን ቢጠይቁኝ ግማሹን አላውቀውም። ይኼስ? አንድ፣ ሁለት። ከሥሩም አንድ፣ ሁለት። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፤ ሰልፍ አስመሰላችሁት እኮ።»

የሳህኑ ድምፅ ቆመ። ጎተራ ቀና አላለችም፤ ቀና ብትል ፊቷ ይናገርባት ነበር። ያልታወቀ ነው ልትለው አሰበች፤ ያልታወቀ ግን ዘጠኝ ነው፣ ሌላ ቦታ ላይ ነግራዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልነካችውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነካችው።

«የመብራት ነው» አለች። «አንድ ማለት መብራት አላቸው። ሁለት ማለት አይቆራረጥባቸውም።»

ወንድሟ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አይቆራረጥም? እኛ ቤት? ስምንት ዓመት?» ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ነሽ እንዲህ ያልሻቸው?»

«ሲመጡ በርቶ ይሆናል» አለች ሚስቱ።

«በሉ እሺ። ለማንኛውም መምህሩ እንዳለኝ ሐሙስ መፍቻው ይወጣል። ፀጉር ቤቴ ግድግዳ ላይ ባለው ቴሌቪዥን ልንከፍተው ተቀጣጥረናል፤ ሁሉም ቁጥሩን ይዞ ይመጣል። የተሳሳታችሁትን ለቃቅሜ አመጣልሻለሁ፣ እታለም። ማን ያርማችኋል ሌላ?»

ምሳው ተበላ። ጎተራ ምን እንደበላች አታውቅም። ስትነሳ የወንድሟ ሚስት «እኔ ልሸኛት» ብላ ተከተለቻት። ከግቢው ወጥተው በሩን ከኋላቸው ገፋ አደረጉት፤ ጥቂት እርምጃ ሄዱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለች ሚስቱ።

«ከመጀመሪያው ዓመት።»

«በየሳምንቱ እየመጣሽ። እሱ ሲያለቅስ እያየሽ። እኔ ስዋሽ እየሰማሽ።»

«ፈርሜ ነበር፣ የኔ እህት። ለአንቺም ብዬ ነው።»

«እኔስ ማንም አያውቅም ተብዬ አይደል የመለስኩት?» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሐሙስ የሚያስቆመው ሰው የለም?»

«አንድ ሰው አለ። አይፈርምም።»

የወንድሟ ሚስት የሹራቧን ጫፍ እየጠቀለለች ትንሽ አሰበች። «እሺ። እንግዲያው ሳይወጣ እኔው እነግረዋለሁ። ግን ስምንት ዓመት የዋሸ አፍ ማን ያምነዋል? እንዳልሞት ብዬ ነው ብለው አሁን የፈጠርሽው ነው ይለኛል። የተጻፈውን ካየ ግን ያምናል። ያቺ ጠያቂ የነገርኳትን ስትጽፈው አይቻለሁ፤ ደሙን፣ ሐኪሙን፣ ልጄን ማን ያሳድጋታል ያልኩትን። እሱም ሐሙስ ይወጣል አይደል?»

«አይወጣም።»

«ለምን?»

«በቃል የተጻፈ ነገር ሰውን ያስታውቃል ይላል መመሪያው። መጀመሪያ የሰረዝኩት እሱን ነው።»

«መሥሪያ ቤት ግን ይኖራል። አትመሽ አምጪልኝ።»

«ከዚያም ሰርዣለሁ። ዋናውንም አጥፉ ይላል። ወረቀቶቹንም ቆሜ አቃጥያለሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ ግን አንብቤዋለሁ። እያንዳንዱን ቃል አስታውሰዋለሁ። እኔ እነግረዋለሁ፤ እኔን ያምነኛል፣ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ቁጥር ላይ እንደማልዋሽ ያውቃል።»

የወንድሟ ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየቻት።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «አሁን እኮ መብራት ነው ብለሽዋል።»

ከግቢው ውስጥ የወንድሟ ድምፅ ተሰማ፤ ሾርባውን ልጨርሰው ወይስ ለልጅቷ ይቀመጥ እያለ ይጠይቃል። ሚስቱ መጣሁ አለችና ተመልሳ ገባች።